ኮምፒውተሩን ስላፈጠኑልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ፈንታ ገብረየሱስ
የደጋው የድምፅ ቅርስ ማዕከል ኃላፊ
መሐል ሜዳ

ጥር ፳፻፮ ዓ.ም.

የተከበሩ አቶ ፈንታ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ጤናን እመኛለሁ። የዘንድሮው ውርጭ ገብሱን አቃጥሎ ሲያበቃ ወደ ሰው ጉልበት ስለ ዞረ፣ የእርስዎ ጉልበት እንዳይነካብን፣ ከወንበርዎ ተነሥተው ወደሚቀጥለው ክፍል ብቅ ለማለት የሚበቃ ብርታትም እንዳያንስዎት አጥብቄ እጸልያለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ መስጠት ሲገባኝ በማዕከሉ በር ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ ምክንያቴን ልናገር። ያለፉትን ደብዳቤዎቼን ደንቡ እንደሚለው በአስተያየት መስጫው ሣጥን ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። የሣጥኑ ቁልፍ ሣጥኑ ከተሠራ ጀምሮ እየተፈለገ መሆኑን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ሰሌዳው ቁልፍ የለውም።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ለመግለጽ ያህል፣ እኔ በድሮው የአውራጃ ፍርድ ቤት የጽሕፈት መኪና ሠራተኛ የነበርኩ፣ አሁን ጡረተኛ፣ የሟቹ የዜማ መምህር የመሪጌታ መርስዔ ኃዘን ባለቤት ነኝ። ልጅ አልወለድንም። ቤታችን ግን ከተማሪ ተለይቶ አያውቅም ነበር። መሪጌታ ሲያርፉ ተማሪዎቹ ሌላ መምህር ፍለጋ፣ ገሚሱ ወደ ሞላሌ ገሚሱም ወደ መርሐቤቴ ወረዱ። ደንቡ ነው፣ አልተቀየምኩም። አሁን ከሰው ጋር ስነጋገር ድምፄ ሻካራ ቢሆንብዎት ሳይሠራ ስለሚውል ነውና ይታገሡኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በ፳፻፩ ዓ.ም. ማዕከልዎ የደጋውን ዜማ በድምፅ ለማስቀመጥ ባለሙያዎች ወደ ቤታችን ስለ ላከ አመሰግናለሁ። መሪጌታ በመጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። እርስዎ ራስዎ መጥተው መደብ ላይ ተቀምጠው፣ “ለትውልድ ነው መሪጌታ፤ አንዱን ቅጂም በሲዲ እናመጣልዎታለን” አሏቸው። ይህን ሲሰሙ እሺ አሉ፤ ከቀትር እስከ ሠርክ አዜሙ። ሲዲው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። ከማዕከሉ እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሳላርፍ እሄደዋለሁና ሲዲውን ምን እንዳቆየው ሊገባኝ አልቻለም።

ሁለተኛ፣ መሪጌታ በ፳፻፬ ኅዳር ካረፉ በኋላ፣ ተዝካሩ ወጥቶ ዘመድም ወደየአገሩ ሲበተን፣ በገበያ ቀን ወደ ማዕከሉ እየመጣሁ ቀረጻውን እንዳዳምጥ ስለ ፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ይህንን ያለ ፌዝ ነው የምለው። ከገበያ እስከ ገበያ ያለውን ቀን የምገፋው በዚያ ነበር።

እውነቱን ለመናገር የምመጣው ለዜማው አልነበረም። ዜማውን ተማሪዎቻቸው ይዘውታል፤ ሞላሌም ብወርድ እሰማዋለሁ። ቀረጻው ሲጀምር፣ ዜማው ገና ሳይነሣ፣ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና “ኮከቤ፣ በሩን ዝጊው እስቲ፤ ነፋስ ይገባበታል” ይላሉ። ከጓዳ በኩል የእኔ ድምፅ “ዘግቼዋለሁኮ” ይላል። “እንግዲያው የበረደኝ እኔ ነኛ” ይሉና ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዜማው የሚገቡት። በማዕከሉ መግለጫ ላይ ይህ ክፍል “ከቅጂው በፊት የገባ አላስፈላጊ ድምፅ” ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። የጻፈው ሰው አልተሳሳተም። ለትውልድ ምንም አይጠቅምም፤ እኔን ግን ይጠቅመኝ ነበር።

ኮምፒውተሩን የምትከፍትልኝ ወይዘሪት ጽናት ነበረች። ለማያውቋት፣ የማዕከሉ የኮምፒውተር ሠራተኛ፣ ከዓለም ከተማ መጥታ እዚህ ብቻዋን ቤት ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት። ሰምቼ ስጨርስ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ “እትዬ ኮከቤ፣ ልድገመው?” ትለኛለች። ከዚያ ስለ ኪራይ ቤቷ፣ ስለ እናቷ፣ ስለዚህ አገር ብርድ ትነግረኛለች፤ እኔም እነግራታለሁ። ዶሮዎቼን ካልቆጠርኩ በቀር በሳምንት ውስጥ የምነጋገረው ከእሷ ጋር ብቻ ነበር።

ሦስተኛ፣ አምና ግንቦት ላይ ኮምፒውተሩ መዘግየት ሲጀምር ምክንያቱን ሳይመረምሩ በማወቅዎ ያደረብኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ጽናት አንድ ነገር ለመክፈት ስትጫን፣ ትንሿ ክብ እየዞረች ታስጠብቀን ጀመር። ድምፁ ሲመጣም ተቆራርጦ መጣ። “ኮ” ይላሉ መሪጌታ፤ ዝም ይላሉ፤ ደግሞ “ኮ” ይላሉ። በሕይወታቸው ተንተባትበው የማያውቁ ሰው ከሞቱ በኋላ ስሜን መጥራት አቃታቸው። ያን ጊዜ እርስዎ ከቢሮዎ ብቅ ብለው ጽናትን፣ “ማሽኑን የሚያደክሙት እኚህ እማማ ናቸው፤ አንዱን ነገር ሲያስደጋግሙት አለቀ። ትንሽ ይረፍ” አሏት። እኔ አጠገብዋ ተቀምጬ ነበር፤ አላዩኝ ይሆናል።

ታዘዝኩ፤ ቀረሁ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ግን ለብሼ ተነሣሁ። የምሄድበት እንደሌለ ትዝ ያለኝ ነጠላዬን አጣፍቼ በሩን ከወጣሁ በኋላ ነው። ጎረቤት እንዳይታዘበኝ ወደ ገበያው ሄጄ፣ አንድም ነገር ሳልገዛ ዞሬ ተመለስኩ። እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ። ጽናት አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ቤቴ መጣችና፣ “እትዬ ኮከቤ፣ እርስዎ ቀርተውም ያው ነው፤ እንዲያውም ብሶበታል” አለችኝ። ስለ ማሽኑ እያዘንኩም ቢሆን ይህን በመስማቴ ደስ እንዳለኝ አልደብቅዎትም።

አራተኛ፣ ማዕከሉ ባለሙያ ባለመጥራቱ ልጅቱ ራሷ መላ እንድትፈልግ ዕድል ስለ ሰጣት አመሰግናለሁ። ጽናት አብሯት ለተማረውና በደብረ ብርሃን የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ላለው ለአቶ አንዷለም ስልክ ደወለች። እሱም በስልክ እየመራት፣ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን መስኮት አስከፈታት። እንደ ነገረችኝ፣ ፕሮሰሰር የሚባለው የማሽኑ አእምሮ ነው፤ ለሁሉም ተራ በተራ የሚያስበው እሱ ነው። ማንም ምንም ሳያዘው መቶ በመቶ ተይዞ ተገኘ። ቀን ከሌት ሥራ በዝቶበት ምንም የማይወጣው ነገር እንዳለ ሲነገረኝ፣ የሚወራው ስለ ኮምፒውተሩ መሆኑን ለአንድ አፍታ ዘንግቼ ነበር፤ ለዚህ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አእምሮውን የያዙትም ተገኙ። ሁለት ጸረ ቫይረሶች ነበሩ፤ አንደኛውን እርስዎ አስጭነውታል፣ ሁለተኛውን ደግሞ እርስዎ ማስጫንዎን ሳያስታውሱ ድጋሚ አስጭነውታል። ሁለቱም ሌላ ሥራ ትተው አንዱ ሌላውን እንደ ጠላት ሲፈትሽ ይውላል። ከእነሱ ቀጥሎ የወንድምዎ የሠርግ ፊልም ነበር፤ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት እንዲለወጥ ታዝዞ ከግንቦት ጀምሮ ሲለወጥ ከርሟል። በመጨረሻም ባናው። ማሽኑ እንዳይበርደው አስበው፣ ለእንግዳም የአገሩን የእጅ ሥራ ያሳይ ብለው፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና አልብሰውት ነበር። አቶ አንዷለም ይህን ሲሰማ “ምን አለበሳችሁት?” ብሎ አስደገማት አሉ። ከዚያ “ጽናት፣ ማሽኑ የሚተነፍስበት ታፍኗል። ሲሞቅ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያዘገያል። በይ ቶሎ አንሺለት” አላት። የመንዝ ሰው ሁሉ ሙቀት በሚመኝበት ወር ሙቀት የበዛበት ፍጥረት በመላው ከተማ ያ ኮምፒውተር ብቻ ነበር።

ጽናት ባናውን አነሣች፤ ክዳኑን ፈትታ በማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ በቀለም ብሩሽ ጠረገች፤ ከጸረ ቫይረሶቹ አንዱን አወረደች፤ ፊልሙንም አስቆመች። ከዚያ ቤቴ ድረስ መጥታ ወሰደችኝ። ተቀመጥኩ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ስሜን ሙሉውን ጠሩኝ፤ የተናገሩትን ተናገሩ፤ ሳቁ። ጽናት ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች፤ ለእኔ ብላ እንደሆነ ገብቶኛል። “ልጄ፣ አሁን እንኳ አንድ ቅጂ ብትሰጪኝ ምን አለ?” ብላት፣ “ኃላፊው ሳይፈርሙ አልችልም እትዬ፤ ሰኞ እጠይቅልዎታለሁ” አለችኝ። ሰኞ እርስዎ ግምገማ ላይ ነበሩ። ማክሰኞም ግምገማው አላለቀም ነበር። በዚያው ሳምንት እሷ ደብረ ብርሃን ለሥልጠና ተላከች።

የተከበሩ አቶ ፈንታ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን በተራ ቁጥር ማስቀመጥ አልሆነልኝም፤ እንደ መጣልኝ ልጻፈው።

ከዞን እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። እርስዎ ክፍሉ ያምር ዘንድ ባናውን መልሰው አለበሱት፤ የሠርጉንም ፊልም ካቆመበት አስቀጠሉት። ማሽኑ እንደገና ቢዘገይ አያስገርምም። ያን ጊዜ ጽናትን እንደ መጠበቅ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣውን ሰው ጠርተው፣ ውስጡ ያለውን በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ እንዲጭነው አዘዙ። ፎርማት ይባላል፤ ቃሉን ያን ቀን ተማርኩ። የሠርጉን ፊልም በፍላሽ አውጥተውት እንደነበር ደግሞ በኋላ ሰማሁ።

በገበያ ቀን እንደ ልማዴ መጣሁ። በሩ ላይ እርስዎ ራስዎ ተቀበሉኝ፤ እንደዚያ ደስ ብሎዎት አይቼዎት አላውቅም።

“ይዩት ወይዘሮ ኮከቤ” አሉኝ። “ገና ስነካው ይከፈታል። አንድም የሚያዘገየው የለም።”

“የመሪጌታስ ድምፅ?” አልኩዎት።

“የትኛው?”

“እርስዎ ቤታችን መጥተው ያስቀዱት።”

“እሱማ ከነበሩት ጋር ሄዷል፤ ለማፍጠን ግድ ነበር” አሉኝ። ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ “ምንም አይስጉ፤ ሌላ መሪጌታ ጠርተን እናስቀዳለን። ዜማው እንደሆነ አንድ ነው” ብለው አጽናኑኝ።

ልክ ነዎት፤ ዜማው አንድ ነው። መሪጌታም ተማሪዎቻቸውን እንደዚሁ ይሏቸው ነበር። እሺ ብዬ ወጣሁ። ገበያው ውስጥ ገብቼ የማልፈልገውን ጨው ስጠይቅ ሻጯ፣ “ምነው እናቴ፣ አሞዎታል እንዴ?” አለችኝ። ብርድ ነው አልኳት።

ጽናት ከሥልጠናው ስትመለስ ነገርኳት። አላመነችኝም፤ ሮጣ ሄዳ አይታ መጣች። ከዚያ ለአቶ አንዷለም ደወለችለትና ስልኩን ለእኔም እንዲሰማ አድርጋ ያዘችው። “ተሰረዘ ማለት ያኔውኑ ጠፋ ማለት አይደለም” አላት። “በላዩ አዲስ ነገር ካልተጫነበት ልናወጣው እንችል ይሆናል። ማሽኑን አሁኑኑ አጥፊው፤ ዲስኩን አምጪልኝ።” ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ራቴን በላሁ፤ ራት ከበላሁ ብዙ ቀን አልፎኝ ነበር።

በማግስቱ ወደ እርስዎ መጣን። የማዕከሉ ንብረት ያለ ደብዳቤ ከግቢ እንደማይወጣ አስረዱን። ደብዳቤውን እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ስለሆነ ጊዜ አልፈጀብኝም። እንግዶቹ ሳይመጡ እንደማይፈርሙ ነገሩን። ጽናት ማሽኑ ቢያንስ ተዘግቶ እንዲቆይ ለመነችዎት፤ ለእንግዳ የተዘጋ ማሽን አይታይም አሏት። እንግዶቹ መጡ፤ በማሽኑ ፍጥነት ተደሰቱ፤ ሄዱ። በመካከሉ የወንድምዎ ሠርግ ከፍላሹ ወደ ዲስኩ ተመልሷል፤ እንዳይጠፋ ተብሎም በተለያየ ስም ተደጋግሞ ተቀምጧል። ሙሽሮቹን እግዚአብሔር ይባርካቸው፤ ቂም የለኝም።

ፈረሙ። እኔና ጽናት ዲስኩን በነጠላ ጠቅልለን በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ወረድን። አቶ አንዷለም ሱቁን ዘግቶ ከቀትር በፊት ጀምሮ ሲፈልግ ዋለ። በመጨረሻ “አገኘሁት” አለ። ስሙ ነበር፤ በማሽኑ ላይ “መርስዔ ኃዘን” ተብሎ ተጽፎ አነበብኩት። ከፈተው። የወጣው ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ የሚመስል ጩኸት ነበር፤ ሰው የለበትም፣ ዜማም የለበትም።

“በላዩ ሌላ ተጽፎበታል” አለኝ ዓይኔን ሳያይ። “ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ልዝጋው እናቴ?”

“ተወው ልጄ፣ ይጨርስ” አልኩት።

የመሪጌታ ቀረጻ ረጅም ነበር፤ ጩኸቱም ያንኑ ያህል ረዘመ። ሁለቱ ልጆች ከእኔ ጋር እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ሲያልቅ አቶ አንዷለም የድካሙን አልቀበልም አለ፤ እስከ መናኸሪያው ሸኘን፤ ጽናትም እስከ መሐል ሜዳ ድረስ እጄን ይዛኝ መጣች። ማዕከልዎ በዚህ ነገር ውስጥ ከሠራው ሥራ ሁሉ ይልቅ፣ ከሁለት ባዕድ ልጆች ጋር እንዲህ ስላቀራረበኝ ልዩ ምስጋና ይገባዋል።

ይህ ምስጋናዬ ግን ዕድሜ አላገኘም። ባለፈው ሳምንት በተደረገው ግምገማ፣ ቅርሱ የጠፋው “ማሽኑን ያለ ፈቃድ በመነካካት” መሆኑ ተረጋግጦ፣ ጽናት ግለ ሂስ እንድታደርግ ተጠይቃለች። አላደርግም ብላለች። ስለዚህ በግሼ ወደሚገኘው የማዕከሉ ዕቃ ቤት ተዛውራለች። ዕቃ ቤቱ መብራት ገና አልገባለትም፤ የኮምፒውተር ባለሙያ የመደቡለትም አስቀድመው አስበው ይሆናል። ዛሬ ጠዋት ሸኘኋት። ፍራሿን መኪናው ላይ ጭነን ስናበቃ፣ “እትዬ፣ በገበያ ቀን ምን ያደርጋሉ?” አለችኝ። “ሥራ መቼ ይጠፋል” አልኳት። መኪናው ከዓይኔ እስኪሰወር ቆሜ፣ ከዚያ ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ፣ የተከበሩ አቶ ፈንታ፣ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ድምፁን ይመልሱልኝ አልልም፤ የማይቻለውን መጠየቅ ሹምን ማስቸገር ነው። ቀረጻው የጠፋው በእርስዎ ትእዛዝ መሆኑን በማዕከሉ ማኅተም ጽፈው ልጅቱን ወደ ሥራዋ ይመልሷት። ለክብርዎ የሚከብድ ከሆነ እኔ አርቅቄ አቀርብልዎታለሁ፤ እርስዎ መፈረም ብቻ ነው። እስኪፈርሙ ድረስ በየገበያው ቀን መጥቼ፣ ኮምፒውተሩ ባለበት ክፍል፣ በቀድሞው ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። ማሽኑን አልነካም፤ አላደክመውም። ሌላ የምሄድበት ስለሌለኝ አይቸኩሉ።

የክፍልዎ ሙቀት፣ የማሽንዎ ፍጥነት፣ የወንበርዎም ጽናት ሳይጓደል እንዲሰነብትልዎት እየተመኘሁ፣ ስለ ቅርስ ያለዎትን ጥንቃቄ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሳልታክት የምመሰክር፣

አክባሪዎ
ኮከቤ ወልደ አማኑኤል
(የእጅ ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ጽናት፣ ግሼ
ለአቶ አንዷለም፣ ደብረ ብርሃን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ የማዕከልዎ ተላላኪ አንድ ፖስታ አመጣልኝ። ማዕከሉ የጠፉ ዜማዎችን እንደ አዲስ ለማስቀዳት ስለ ወሰነ፣ “ክቡር መሪጌታ መርስዔ ኃዘን በአካል ተገኝተው ድምፃቸውን እንዲሰጡ” በእርስዎ ፊርማ ተጠርተዋል፤ ባይገኙ ማዕከሉ ኃላፊነት እንደማይወስድም ተጽፏል። የሄዱበትን አገር እኔ በደብዳቤ የምደርስበት አይደለም። ድምፃቸውን ወደዚያው የሸኘው ማዕከልዎ አድራሻውን ሳያውቀው አይቀርምና፣ ጥሪውን በዚያው መንገድ ይልኩላቸው ዘንድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ።